ብስኩት በገብስ ሀገር

በ4ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው የአክሱሙ ዒዛና በድንጋይ ላይ ካስቀረጻቸው ጽሑፎች አንዱ የዳቦ ሒሳብ አለበት። ንጉሡ ያመፁበትን የቤጃ ነገዶች ካስገበረ በኋላ ስድስት አለቆቻቸውን ከነሰዎቻቸው ወደ ሌላ አገር ወስዶ ሲያሰፍር፣ ለ4,400 ሰው በየቀኑ 22,000 ዳቦ ይሰጥ እንደነበር ይገልጻል። ሲካፈል ለነፍስ ወከፍ አምስት ዳቦ ይደርሳል። ድንጋዩ የንጉሡን ማዕረግና ለሰፋሪዎቹ የተሰጠውን ከብት በዝርዝር ይዟል፤ ዱቄቱን ስለፈጩት፣ ሊጡን ስላቦኩትና ጭሱን ስለታገሡት እጆች ግን ያለው ነገር የለም። ከዚያ ወዲህም ቢሆን ግብሩ እየተጻፈ ጋጋሪዋ እየተዘለለች ብዙ ዘመን አልፏል።

ይህ ትረካ የዚያችን የተዘለለች ሴት ሙያ ይከተላል። ቦታው የደቡብ ወሎ ደጋ ነው፤ ኩታበርና ከእሷ በስተ ደቡብ ምዕራብ እስከ መካነ ሰላም ድረስ ያለው ከፍታ። ጉዳዩ ደግሞ ከቡና ወይም ከሻይ ጋር የሚቀርበው ደረቅ ቁርስ ነው፤ ከዳቦ ቆሎ ተነሥቶ ቤት ውስጥ እስከሚጋገረው ብስኩት ያለው መንገድ።

ኩታበር የምትገኘው ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ቦሩ ሜዳ ታልፎ ነው። አገሩ ብርዳማ ነው። እዚህ ደጋ ላይ የሚያምርበት ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ምስር ነው። በልጉ ከጣለ ገብሱ በጥርና በየካቲት ተዘርቶ ክረምቱ ሳይጠነክር ይታጨዳል፤ በልጉ ከቀረ የዓመቱ ግማሽ ተስፋ አብሮ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሀገሪቱን የገብስና የስንዴ ዓይነት ብዛት አይቶ ተደንቆ፣ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መፍለቂያ ማዕከላት ተርታ አስገብቷታል። የደጋው ገበሬ ይህን ከማንም በፊት ያውቀው ነበር። ለቆሎ የሚሆነውን ጠመዥ፣ ለበሶ የሚመረጠውን ሰነፍ ገብስ፣ ለጠላ የሚሄደውን ጥቁር ገብስ ለይቶ ሲዘራ ኖሯል።

ገብስ ግን ለዳቦ አስቸጋሪ ነው። ስንዴ ሲለወስ ሊጡን አያይዞ የሚለጥጥና የእርሾውን አየር አፍኖ የሚይዝ ግሉተን የሚባል ነገር አለው፤ ገብስ ያለው ከዚህ ያነሰና የደከመ ነው። ስለዚህ የገብስ ድፎ አይነፋም፤ ተጠቅጥቆ ይቀራል፣ ሲቆረጥም ይፈረፈራል። የደጋ ሴቶች ይህን ጠባይ አውቀው ገብሱን ወደሚስማማው ምግብ መሩት። ቆልተው ፈጩትና በሶ አደረጉት፤ በሶውን በቅቤ አሽተው ጭኮ ሠሩ፤ በውኃና በጨው ጨብጠው ጭብጦ አሉት። እነዚህ ሁሉ አስቀድሞ የተቆላ እህል ናቸው፤ ምድጃ ሳያስፈልጋቸው ይበላሉ፣ ለብዙ ቀንም ይቆያሉ። መፈርፈሩ በድፎ ላይ ነውር ቢሆንም በሌላ ምግብ ላይ ጸጋ መሆኑ የታየው በጣም ዘግይቶ ነው።

ምድጃውም የራሱ ታሪክ አለው። እረኛና መንገደኛ ድንጋይ በእሳት አግለው፣ በሊጥ ጠቅልለው፣ ረመጥ ላይ እያገላበጡ ብርኩታ ይጋግሩ ነበር፤ ድንጋዩ ከውስጥ፣ ረመጡ ከውጭ ያበስላል። በቤት ያለችው ሴት ደግሞ ያንኑ ብልሃት በምጣድ ላይ አሳደገችው። ለድፎ ዳቦ ምጣዱ ላይ ኮባ ይነጠፋል፣ ሊጡ ይገለበጥበታል፣ በኮባ ይሸፈናል፣ ከላዩ ሌላ ምጣድ ወይም ቆርቆሮ ይደፋና ፍም ይከመርበታል። ከላይም ከታችም በእሳት የተያዘ ሰው እንደ ድፎ ዳቦ ሆነ የሚባለው ከዚህ ተነሥቶ ነው። አውሮፓ በድንጋይና በጡብ ዋሻ እየሠራ ያገኘውን ከሁሉም አቅጣጫ የሚመጣ ሙቀት የወሎ ሴት በሁለት ምጣድና በአንድ አካፋ ፍም ታገኘው ነበር። ይህ ብልሃት ኋላ ላይ ብስኩት ሲመጣ በጣም ጠቅሟል።

ዳቦ ቆሎ የዚህ ሁሉ ልጅ ነው። የስንዴ ዱቄት ይነፋል፤ ጨው፣ ጥቂት በርበሬ ወይም ጥቁር አዝሙድ ይገባበታል፤ በቅቤ ወይም በኑግ ዘይት ይታሻል፤ ውኃ የሚጨመርበት ሊጡ ጠንክሮ እስኪጨበጥ ድረስ ብቻ ነው። እዚህ ላይ የእጅ ልክ ይፈተናል። ሊጡ ከራሰ ዳቦ ቆሎው ውስጡ ጥሬ ሆኖ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል፤ ከደረቀ ሲቆረጥ ይፈረፈራል። ደህና የታሸው ሊጥ በመዳፍ እየተድቦለቦለ ወደ ቀጭን ገመድ ይለወጣል፤ ገመዱ በቢላ ወይም በጥፍር ሽንብራ አክሎ ይቆረጣል። ከዚያ ምጣድ ላይ ይፈስና እሳቱ ሳይበረታ እየተማሰለ ይቆላል። ሲጀምር ድምፁ ለስለስ ይላል፤ እርጥበቱ እየወጣ ሲሄድ ፍሬዎቹ ምጣዱ ላይ እየተንኳኩ ይንሸራተታሉ፣ ሽታውም ከሊጥ ወደ ቆሎ ይለወጣል። የምታማስለው እናት ቀለሙን ከማየቷ በፊት ጆሮዋ መድረሱን ይነግራታል። አንዷን ፍሬ አንሥታ በጥርሷ ትሰብራለች፤ ቀጭ ካለች ምጣዱ ይወርዳል። ውኃው ጨርሶ ስለወጣ በደረቅ ዕቃ ከተከደነ ለሳምንታት አይነካውም።

በአውሮፓ ብስኩት የተወለደው ከዚሁ ከመሻገት ችግር ነው። የባሕር ተጓዥና ወታደር የማይሻግት ዳቦ ስላስፈለገው ዳቦውን ደግመው ጋግረው አደረቁት፤ ስኳርና ቅቤ የተጨመሩበት ብዙ ቆይቶ ነው። ዳቦ ቆሎና ብስኩት የተወለዱበት ምድር ቢራራቅም የተፈለሰፉት ለአንድ ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ልብነ ድንግል ሲመጡ አብሯቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአንጎት በኩል አልፎ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም አይቷል። ሐይቅ ከዛሬዋ ኩታበር ሩቅ አይደለም። መጽሐፉ በየመንገዱ ስለተቀበሏቸው የገብስና የስንዴ ዳቦዎች፣ ስለ ጠጅና ስለ ማር ደጋግሞ ያወሳል። ስኳር ግን በዚያ ዘመን በደጋው ቤት አልነበረም። ጣፋጭ ማለት ማር ነበር፤ ማር ደግሞ ለግብርና ለጠጅ ይሄዳል። ከሊጥ ጋር የሚታሽ ማር የጌቶች ቤት ነገር ነበር። የድሃው ቤት ዳቦ ጣዕሙን የሚያገኘው ከጨው፣ ከአዝሙድና ከድምብላል ነው። የኢትዮጵያ ደረቅ ቁርስ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ጨዋማና ቅመማም ሆኖ የቆየው በጣዕም ምርጫ ብቻ ሳይሆን በዚህም ምክንያት ነው።

ደረቁን ምግብ ከስንቅ ቋት አውጥቶ እንግዳ ፊት ያቀረበው ቡና ነው። የወሎ ሙስሊሞች ቡናን ከዱዓ ጋር ይጠጡ የነበረው ክርስቲያኑ ከመልመዱ እጅግ ቀድሞ ነው። በክርስቲያኑ ዘንድ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ ቡና የእስላም መጠጥ ተብሎ ይራቅ ነበር። በ1870 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከኩታበር አፍንጫ ሥር፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው የሃይማኖት ክርክሩን ዘጉ፤ የወሎ መሳፍንትም ወደ ክርስትና ገቡ። ከእነሱ አንዱ ኋላ ንጉሥ የሆኑት መሐመድ ዓሊ ናቸው፤ ሚካኤል ተባሉ። ሃይማኖቱ በአዋጅ ሲለወጥ ጀበናው ግን ከምድጃው አልተነሣም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ንጉሡ ራሳቸው ቡና ጠጪ በነበሩበትና አቡነ ማቴዎስም የቀደመውን ጥላቻ ባለዘቡበት ጊዜ፣ ክርስቲያኑም ያለ ስጋት ይጠጣ ጀመር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ የሚቀመጥ እንግዳ ባዶ አፉን አይቀመጥም። የቡና ቁርስ ያስፈልጋል፤ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ቂጣ፣ ለከበረ እንግዳም ዳቦ ቆሎ። ኋላ ብስኩት መጥቶ የተቀመጠው በዚህ አስቀድሞ በተነጠፈ ቦታ ላይ ነው።

ስንቅነቱም አልቀረም። በ1860 ዓ.ም የጄኔራል ናፒየር ጦር 44 ዝሆኖች ጭምር ይዞ አፄ ቴዎድሮስን ፍለጋ ወደ መቅደላ ሲወጣ በየሰፈሩ ዱቄት፣ ዳቦና ገብስ በማርያ ቴሬዛ ብር ከባላገሩ ይገዛ ነበር። መቅደላ ከኩታበር ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ከተንታ አጠገብ ናት። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ሲወድቁ በዙሪያው ያሉ ደጋዎች በሁለት ጦር መካከል ሆነው ጎተራቸውን አራግፈው ነበር።

ከ28 ዓመት በኋላ ደግሞ የዳቦ ቆሎው ጊዜ መጣ። ምኒልክ ጣሊያን ወሰን ተሻግሮ መግባቱን በመስከረም 1888 ዓ.ም በክተት አዋጅ አስነግረው ሠራዊቱ እንዲሰበሰብ ካዘዙባቸው ሥፍራዎች ዋናው ወረኢሉ ነበር፤ ደቡብ ወሎ። የዘመኑ ወታደር ከመንግሥት የተዘጋጀ ምግብ አይጠብቅም፤ ስንቁን ይዞ ይመጣል። ስንቁ በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ነው። ከአዋጁ እስከ መነሻው ያሉት ጥቂት ሳምንታት በየቤቱ ምጣድ ያልቀዘቀዘባቸው ሳምንታት ነበሩ። ዓድዋ ላይ የካቲት 23 የሆነው በመጽሐፍ ሞልቷል፤ የተዘመተው ግን ሴቶች ቆልተውና ፈጭተው ባሸከሙት እህል ነው። ብዙዎቹም ምጣዳቸውን ይዘው አብረው ዘምተዋል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ አይጠየፍ አዳራሽን አሠርተው በሺህ የሚቆጠር ሰው ግብር ሲያበሉ፣ የወሎ ማዕድ ከፍ ካለበት ደረጃ ደረሰ። እዚያም ቢሆን ዳቦው ድፎ፣ መጠጡ ጠጅና ጠላ፣ ጣፋጩ ማር ነበር።

ለውጡ የመጣው በቦምብ ተቀድሞ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ ሚያዝያ 7 ቀን ጦሩ ከተማዋን ያዘ። በአምስቱ ዓመት ደሴና ኮምቦልቻ በአስመራና በአዲስ አበባ መካከል የጣሊያን ዋና መቆሚያ ሆኑ። መንገዱ ተዘረጋ፤ ሠፈሩ ፒያሳ ተባለ፤ ለወታደሩና ለሠራተኛው ነጭ ዳቦ የሚጋግሩ ምድጃዎች ተተከሉ። የፉርኖ ዱቄት፣ ፓስታ፣ ብስኩትና ካራሜላ በወሎ ገበያ መታየት የጀመሩት በዚህ ጊዜ ነው። በ1933 ዓ.ም ነፃነት ሲመለስ ወራሪው ሄደ፤ ምድጃዎቹና ሙያውን ከጎኑ ቆመው ያዩ ኢትዮጵያውያን ግን ቀሩ። በአዲስ አበባ ፒያሳ እንደ እንሪኮ ያሉ ኬክ ቤቶች ዝና ሲያተርፉ፣ በክፍለ ሀገር ከተሞች ዳቦ ቤቱና ሻይ ቤቱ ጎን ለጎን ተከፈቱ። ከኩታበር እህል፣ እንቁላልና ቅቤ ይዞ ደሴ የወጣ ገበሬ ሸጦ ሲመለስ ለልጆቹ ይዞላቸው የሚገባው ነገር ተለወጠ፤ በወረቀት የተጠቀለለ ፉርኖና ብስኩት ሆነ።

ቤት ውስጥ ለመጋገር ግን ስኳር ያስፈልጋል። ስኳሩ የመጣው ከአዋሽ ሸለቆ ነው። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም ሥራ ጀመረ፤ በ1954 የሸዋ፣ በ1962 ገደማ የመተሐራ ፋብሪካዎች ተከተሉት። የወንጂዋ ደስታ ከረሜላ በየሱቁ ማሰሮ ውስጥ ገባች። ከውጭ በውድ ይመጣ የነበረው ስኳር የሀገር ምርት ሆኖ በኪሎ ይሸጥ ጀመር። ሻይ በደጋው የተስፋፋው ይህን ተከትሎ ነው፤ ያለ ስኳር ሻይ የሚጠጣ የወሎ ሰው ጥቂት ነው። ቀረፋ፣ ሄልና ቅርንፉድ የገባበት ሻይ በትንሽ ብርጭቆ ሲቀርብ፣ በርበሬ ያለበት ዳቦ ቆሎ አይስማማውም። በርበሬው ቀረና ስኳር ገባ። ጣፋጩ ዳቦ ቆሎ በኢትዮጵያ ቤት ለብስኩት የመጨረሻው መሸጋገሪያ ነበር፤ ሊጡ ያው፣ ምጣዱ ያው፣ ጣዕሙ ብቻ አዲስ።

የቀረውን ያመጣው ትምህርት ቤት ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በተስፋፉት አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሆም ኢኮኖሚክስ የሚባል ትምህርት ይሰጥ ነበር። ልብስ ስፌት፣ የሕፃን አያያዝና ጋገራ በአንድ ክፍል ይማሩበታል። በ1955 ዓ.ም መጀመሪያ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ገብተው ደሴን ጨምሮ በየክፍለ ሀገሩ ተመደቡ። ከኩታበር፣ ከተንታ፣ ከደቡብ ወሎዋ ቦረና ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ደሴ የወረዱ ልጃገረዶች ቤት ተከራይተው ሲማሩ ሁለት ነገር አብረው ተማሩ፤ ከመጽሐፍ ያለውንና ከከተማዋ እመቤቶች ማጀት ያለውን። ዱቄትን በኩባያ መስፈር፣ ስኳርን ከቅቤ ጋር ነጭ እስኪሆን መምታት፣ ቤኪንግ ፓውደር በሻይ ማንኪያ ልክ መጨመር ለባልትና አዲስ ሥርዓት ነበር። እናቶቻቸው በእፍኝና በዓይን ይለኩ ነበርና።

በዚያው ዘመን በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ያሉ ጥቁር ቤተሰቦች የሻይ ኬክ የሚሉትን የቤት ብስኩት ከአያቶቻቸው በተረከቡት መንገድ ይጋግሩ ነበር። ዱቄት፣ ስኳር፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ጥቂት ገውዝ፤ ሌላ ነገር የለውም። የተወለደው ከእንግሊዝ የሻይ ልማድ ቢሆንም በባርነት የኖሩ ሴቶች በጓዳቸው በተገኘ ነገር ሠርተው የራሳቸው አድርገውታል። የኢትዮጵያ ቤት ብስኩት ከዚያ የተቀዳ አይደለም። ግን ቅመሙ ተለይቶ ቢቀመጥ ሁለቱን ሊጦች አንዱን ከአንዱ መለየት ያስቸግራል። በትንሽ ነገር እንግዳ ማክበር የፈለገች ሴት የትም ብትሆን ወደዚህ ሊጥ ትደርሳለች።

ከዚያ ወሎ ተራበች። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም፣ ዳግመኛም በ1977 ዓ.ም፣ የበልጉም የመኸሩም ዝናብ ሲከዳ ስለ ብስኩት ማውራት ነውር በሆነበት ጊዜ፣ ብስኩት የሚባለውን ነገር ብዙ የወሎ ሕፃናት መጀመሪያ የቀመሱት ከእርዳታ መጋዘን ወጥቶ ነው። በፕሮቲን የዳበረ የሕፃናት ብስኩት፣ ፋፋ የሚባለው አልሚ ዱቄት፣ የእርዳታ ስንዴና በቆርቆሮ የታሸገ ዘይት ተራራውን ወጡ። ገበሬው ዘሩን ጭምር በላ። ጠመዡም፣ ሰነፍ ገብሱም፣ የሀገሩ ስንዴም ከጎተራ ጠፋ። በ1968 እና በ1969 ዓ.ም መካከል በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ማዕከል ሥራ ዋጋው የታየው ያኔ ነው። ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ነባር ዘሮችን ከገበሬው ማሳ እየሰበሰቡ፣ ከረሃቡ በኋላም በሸዋና በወሎ ለገበሬዎች እየመለሱ ያስጠበቁ ሰው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል። ስለ ደጋው ገብስ ዛሬ ማውራት የሚቻለው በእንዲህ ያሉ ሰዎች ድካም ነው።

በደርግ ዘመን ስኳር በቀበሌ ሱቅ፣ በኩፖን ሆነ። ኮታው ለሻይም አይበቃም። ስለዚህ የቤት ብስኩት የዓመት በዓል ነገር ሆነ፤ ከወር ወር እየተቆጠበ የተቀመጠ ስኳር ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለዒድና ለመውሊድ ይወጣል። ወሎ ላይ ይህ ትልቅ ትርጉም ነበረው። የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ሥጋ አይገናኝም፤ አንዱ የሌላውን የሥጋ ወጥ አይቀምስም። ዳቦና ብስኩት ግን ምንም ዓይነት እርድ የለበትም። ለፋሲካ የተጋገረው በሳህን ተሸፍኖ ወደ ሙስሊም ጎረቤት ይሄዳል፤ ሳህኑ ባዶውን አይመለስም፣ ለዒድ ተሞልቶ ይመጣል። ጾሙም የራሱን ሊጥ ፈጠረ። ኦርቶዶክሱ በጾም ወራት ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ስለማይነካ የጾሙ ብስኩት በዘይትና በውኃ ይለወሳል፤ እንደ ቅቤው አይሟሟም፣ ጠንከር ይላል፣ ከሻይ ጋር ግን ይጣጣማል።

በዚያን ጊዜ ኩታበር አካባቢ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያለው ቤት ብርቅ ነበር። ብስኩቱ የተጋገረው በድፎው ብልሃት ነው። ሊጡ ይዳመጥና በሻይ ብርጭቆ አፍ እየተጫነ ክብ ክብ ሆኖ ይወጣል፤ የሹካ ጫፍ ላዩን ያስጌጠዋል። የመጋገሪያ ፓትራ ከሌለ ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጠ ሰፌድ መሰል ሳህን በቅቤ ይወለወላል። ምጣዱ ላይ ሦስት ጠጠር ይቀመጥና ቆርቆሮው ከጠጠሮቹ ላይ ይሆናል፤ ብስኩቱ ምጣዱን ከነካ ሥሩ ያርራልና። ከላይ ክዳን፣ ከክዳኑ ላይ ፍም። ድፎ ሲጋገር ፍሙ ይበዛል፤ ለብስኩት ግን ሳሳ ተደርጎ ዳር ዳሩን ነው የሚበተነው፣ መሐሉ ቶሎ እንዳይጠቁር። ከሩብ ሰዓት ገደማ በኋላ ክዳኑ በመቆንጠጫ ይነሣል። ጠርዙ ወርቃማ ሆኖ መሐሉ ገና ለስላሳ ከሆነ ደርሷል፤ ሲበርድ ይጠነክራል። ይህን የማታውቅ ጀማሪ መሐሉ እስኪደርቅ ትጠብቅና ጥርስ የሚሰብር ነገር ታወጣለች።

ደጋነቱም የራሱ ጣጣ አለው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ አየሩም ስስ ነው። በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ከቆላው ይልቅ በኃይል ይነፋል። በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ቤኪንግ ፓውደር የጨመረች ጋጋሪ ብስኩቷ ተነፍቶ፣ ተንጣሎና ከጎረቤቱ ተጣብቆ ታገኘዋለች። የደጋ ሴቶች ያለ መጽሐፍ የደረሱበት መፍትሔ ዱቄቱንና ውኃውን ሳይነኩ የቤኪንግ ፓውደሩን ማንኪያ ጎደል ማድረግ ነው።

ከ1983 ዓ.ም በኋላ መብራትና መንገድ ወደ ትንንሽ ከተሞች ደረሰ፤ የሞተር ወፍጮ ሴቲቱን ከድንጋይ ወፍጮ አሳረፋት። የፋብሪካ ብስኩት በየኪዮስኩ ሞላ። በመካነ ሰላምና በቱሉ አውሊያ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች ተከፍተው በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ሲመጡ፣ በየበሩ ሻይ በብስኩት የሚሸጡ ሴቶች ተበራከቱ። አንዳንዶቹ ኩኪስ የሚሉትን የቤት ጋገራቸውን በፕላስቲክ ባልዲ ይዘው ይቀመጣሉ። እናቶች ለበዓል የጋገሩት የልጆች መተዳደሪያ ሆነ።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ኩታበር ደረሰ። በቦሩ ሜዳና በኩታበር ዙሪያ ከባድ ውጊያ ተደረገ፤ ደሴና ኮምቦልቻ በወሩ ሁለተኛ አጋማሽ ከመንግሥት እጅ ወጥተው እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆዩ። ከዚያ በፊት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ የደሴን ትምህርት ቤቶች ሞልቷቸው ነበር፤ የከተማው ነዋሪ ከራሱ ጓዳ አብስሎ አብልቷል። በዚያ ሰሞን በየከተማው ሴቶች በጋራ ተሰብስበው ስንቅ አዘጋጁ። ዝርዝሩን ያየ ሰው ወረኢሉን ያስታውሳል፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። 126 ዓመት አልፎ ደረቁ ምግብ አሁንም ያው ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው የዋጋ ጉዳይ ነው። የስንዴ ዱቄት ተወደደ፤ ስኳር አንዳንዴ ይጠፋል፣ ሲገኝም የሸማቾች ማኅበር ሰልፍ አለው። ብዙ ቤት ብስኩቱን ትቶ የፋብሪካውን መግዛት ጀምሯል። እዚህ ላይ የኩታበር ጋጋሪዎች ሊያስቡበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ገብስ ለድፎ የማይመቸው በግሉተኑ ማነስ ነው ተብሏል። ብስኩት ግን ግሉተን አይወድም። ጥሩ ብስኩት የሚፈለገው ሲነከስ እንዲፈረፈር ነው፤ የስንዴ ሊጥ ብዙ ከታሸ የሚጠነክረው ግሉተኑ ስለሚነቃ ነው፣ ለዚህም ነው አሠልጣኞች ሊጡን ብዙ አትሹት የሚሉት። ለድፎ ነውር የሆነው የገብስ ጠባይ ለብስኩት ሙያ ነው። ቀለል ተደርጎ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ሲገባበት ደግሞ የፋብሪካው የሌለው የበሶ መዓዛ ይመጣል።

ልኩ አይከብድም። ግማሽ ኪሎ የስንዴና ግማሽ ኪሎ የገብስ ዱቄት አብሮ ይነፋል። ሩብ ኪሎ ቅቤ ከሩብ ኪሎ ስኳር ጋር እስኪነጣ ይመታል፤ ሦስት እንቁላል አንድ አንድ እየተባለ ይገባል። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨውና የተፈጨ ሄል ከዱቄቱ ጋር ይቀላቀላል። ገብስ ውኃ ስለሚጠጣ ሊጡ ከደረቀ ጥቂት ወተት ይጨመርበታል፤ ለጾም ከሆነ በቅቤው ፋንታ ዘይት፣ በእንቁላሉና በወተቱ ፋንታ ውኃ ይገባል። ሊጡ ከተያያዘ በኋላ አይታሽም። ለግማሽ ሰዓት ተሸፍኖ ይረፍ፤ ያኔ ዱቄቱ እርጥበቱን ይጠጣና ሲዳመጥ አይሰነጠቅም።

የገበሬው ገብስ እዚያው በርካሽ ለጠላና ለበሶ እየተሸጠ፣ ከሩቅ የመጣ የስንዴ ዱቄት በውድ እየተገዛ ብስኩት መጋገር የለበትም። በኩታበርና በመካነ ሰላም ያላችሁ የሻይ ቤት ባለቤቶች፣ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ መምህራን፣ በየቤታችሁ የምትጋግሩ እናቶችና እኅቶች፣ በሚቀጥለው በዓል ከዱቄታችሁ ግማሹን የአገራችሁን ገብስ አድርጉት፤ ልኩንም ለልጆቻችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው።